የፒካፑ እግር ሲያነክስ የገበሬውም ሥራ ያነክሳል

ባለፈው መስከረም ወደ አንድ የደጋ ወረዳ የተጓዝነው በስንዴ ማሳዎች ላይ ቢጫ ዋግ ታየ መባሉን ሰምተን ነበር። ደብል ጋቢና ፒካፑ ውስጥ ሁለት የሰብል ጥበቃ ባለሙያዎች፣ ሹፌሩና እኔ ነበርን። ከኋላ የፀረ ዋግ ኬሚካል ካርቶኖችና በጀርባ የሚታዘሉ መርጫዎች ተጭነዋል። ከአስፋልቱ ወርደን ጠጠር መንገዱን እንደያዝን ከፊት በግራ በኩል የሚንኳኳ ድምፅ መሰማት ጀመረ። በዕድሜ ጠና ያሉት ሹፌር ራሳቸውን ነቀነቁና «ይኼ እግር ከተሠራ ገና ሰባት ወሩ ነው እኮ ልጄ» አሉኝ።

ወረዳው ከተማ ለመግባት ጥቂት ሲቀረን፣ ቁልቁለት ላይ፣ የግራው የፊት ጎማ ወደ ውጭ ተንጋደደ። የታችኛው ቦልጆይንት ከቦታው ወጥቶ ነበር። ፍጥነታችን ዝቅተኛ ስለነበር ሰው አልተጎዳም። መለዋወጫው ከዞን ከተማ እስኪመጣ ግን ሁለት ቀን ቆምን። ኬሚካሉን የሚጠብቁት ገበሬዎችም ሁለት ቀን ጠበቁ። ዋግ በነፋስ የሚዛመት በሽታ ነው፤ የመኪና ጥገና እስኪያልቅ አይታገሥም።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። የግብርና ተሽከርካሪዎቻችን የፊት እግር ጊዜው ሳይደርስ ለምን ያልቃል?

ጥያቄውን ላነሣሁላቸው ሁሉ የመጀመሪያው መልስ «መንገዱ ነዋ!» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም። እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ የተሸበሸበ የጠጠር መንገድ ጎማውን ያለ ዕረፍት ይደበድበዋል። ክረምት ሲሆን ደግሞ ጭቃና የወንዝ ውኃ ይጨመርበታል። ይሁን እንጂ በአንድ መንገድ ከሚመላለሱ ሁለት መኪኖች የአንዱ እግር ዓመታት ሲያገለግል የሌላው በወራት የሚያልቅ ከሆነ፣ ጥፋቱን ሁሉ ለመንገዱ ሰጥቶ መተው ራስን ማታለል ነው።

በዚያች የወረዳ ከተማ መኪናውን የጠገኑልን አንጋፋ መካኒክ ያሳዩኝ ነገር ለዚህ ምስክር ነው። ያወጡት ቦልጆይንት የላስቲክ መሸፈኛው ተቀዶ ነበር። መሸፈኛው ሲቀደድ ጭቃና ውኃ ይገባል፣ ግራሶው ታጥቦ ይወጣል፣ ብረት ከብረት ጋር እየተፋጨ ይበላል። «ይኼ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፤ ወራት ፈጅቷል። ጎንበስ ብሎ ያየው ሰው ቢኖር ኖሮ በጊዜ ይቀየር ነበር» አሉኝ።

ቀጥለው አሞርዛተሩን አሳዩኝ፤ ዘይቱ ፈሶ አቧራ ለብሷል። የአሞርዛተር ሥራ የሞላውን መዝለል መግታት ነው። እርሱ ሲደክም ጎማው መሬት ለመሬት ይነጥራል፤ ምቱንም ቦልጆይንቱ፣ ቴስቲናውና የክንዱ ጎሚኒዎች ይቀበሉታል። እንግዲህ አዲስ ቦልጆይንት ገዝቶ በሞተ አሞርዛተር ላይ መግጠም አዲሱን ዕቃ ለመዶሻ መስጠት ነው።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ስለ ጎሚኒ የነገሩኝ ነው። ብዙ ጋራዦች የክንዱን ጎሚኒ ቀይረው ብሎኑን የሚያጠብቁት መኪናው በክሪክ ላይ እንዳለ፣ ጎማው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ነው። መኪናው ሲወርድ ክንዱ ወደ ላይ ይነሣል፤ ብሎኑ የያዘው ላስቲክ ደግሞ በዚያው ተጠምዝዞ ይቀራል። ሁልጊዜ የተጠመዘዘ ላስቲክ ደግሞ ቶሎ ይቀደዳል። መፍትሔው አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ብሎኑን ለቀቅ አድርጎ መኪናውን ማውረድና ክብደቱ ጎማው ላይ ካረፈ በኋላ ማጥበቅ ብቻ ነው። ይህን ለምን እንደማያደርጉ ስጠይቅ «መኪናው ከወረደ በኋላ ከሥሩ መግባት ስለሚያስቸግር ነው» የሚል መልስ አገኘሁ። ለአንድ ሰዓት ድካም ሲባል የወራት አገልግሎት ይጠፋል ማለት ነው።

ጭነትስ? ደብል ጋቢና ፒካፕ በጥቅሉ የሚሸከመው ሰውን ጨምሮ አንድ ቶን ገደማ ነው። እኛ ዘንድ ግን በማዳበሪያ ወቅት 10 ኩንታል ከኋላ ተጭኖ፣ ጋቢናው አምስት ሰው ይዞ፣ ከጭነቱም ላይ ሌላ ሰው ሲሳፈር ማየት የተለመደ ነው። 10 ኩንታሉ ብቻውን አንድ ቶን ሞልቷል፤ ሰዉ ትርፍ ነው። የኋላ ጭነት ባሌስትራውን እንጂ የፊቱን አይነካም የሚሉ አሉ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ግን ክብደቱ ወደ ፊት ይንደረደራል፤ የሚቀበለውም የፊት እግር ነው። ለማማር ተብሎ ከፊት የሚገጠመው ከባድ የብረት መከላከያም በየኪሎ ሜትሩ የሚሸከሙት ትርፍ ጭነት ነው።

እዚህ ላይ ጣታችንን ወደ ሹፌሮች ብቻ መቀሰር ይቀናናል። በተሸበሸበ መንገድ ላይ የሚበር ሹፌር ተጠያቂ ነው፤ አያከራክርም። ይሁን እንጂ «ጫን» የሚለው ማነው? «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ» ብሎ የሚያጣድፈውስ? የእኛ ሹፌር ድምፁን በሰሙ ጊዜ ለመሥሪያ ቤታቸው በጽሑፍ ማመልከታቸውን፣ መልሱም «በጀት ሲለቀቅ» የሚል እንደነበር አጫውተውኛል። መኪናው ሲሰበር ግን በጀቱ ተገኘ፤ ያውም ከቦልጆይንቱ ጋር ለክንዱ፣ ለጎማውና ለተጎዳው አካል ጭምር።

የግዢ አሠራራችንም የራሱ ድርሻ አለው። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ዝቅተኛውን ዋጋ መምረጥ የመንግሥት ገንዘብ ከብክነት እንዲድን የታሰበ ሥርዓት ነው። ነገር ግን መጠየቂያው «የፊት ቦልጆይንት፣ ብዛት 2» ብቻ ከሆነ፣ ኦሪጅናሉና ተመስሎ የተሠራው እኩል ይወዳደራሉ፤ ሁልጊዜም ተመስሎ የተሠራው ያሸንፋል። ዋጋው ግማሽ ሆኖ ዕድሜው ሩብ የሆነ ዕቃ በመጨረሻ እጥፍ ያስከፍላል። የጋራዡ የእጅ ዋጋና መኪናው የቆመባቸው ቀናት እዚህ ሒሳብ ውስጥ ገና አልገቡም።

«ደመወዝ በሚያስጨንቅበት ጊዜ ስለ ጎሚኒ ታወራለህ?» የሚለኝ የወረዳ ኃላፊ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የበጀት ጥበት በየዘገባችን የምናነሣው እውነት ነው። ነገር ግን ጥበቱ ራሱ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። መኪናቸው የበዛ መሥሪያ ቤቶች አንዱ ሲቆም በሌላው ይሠራሉ። አንድ ፒካፕ ብቻ ያለው ወረዳ ግን እርሱ ሲቆም የክትባት ማቀዝቀዣ ሣጥኑም፣ የዘር ጥራት ባለሙያውም፣ የተባይ አሰሳውም አብረው ይቆማሉ። በ2009 ዓ.ም የአሜሪካ መጤ ተምች ወደ ሀገራችን ሲገባ፣ ማሳ ለማሳ ፈጥኖ መድረስ ምን ማለት እንደሆነ አይተናል።

ስለዚህ የምጠይቀው አዲስ መኪና አይደለም። አራት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ በየወሩ ፒካፑ በክሪክ ተነሥቶ የፊት ጎማው ይነቅነቅ። ከላይና ከታች ይዞ ሲነቀንቁት የሚላወስ ከሆነ ቦልጆይንቱ ወይም ኩሽኔታው፣ ከግራና ከቀኝ ይዞ ሲነቀንቁት ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቴስቲናው ይጠረጠራል። የላስቲክ መሸፈኛዎችና አሞርዛተሮችም በዓይን ይታዩ። ሥራው ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። ሁለተኛ፣ ሹፌሩ በጽሑፍ ያመለከተው ብልሽት መልስ የሚሰጥበት ቀን ይቆረጥለት፤ መልስ ያልሰጠውም ኃላፊ ተጠያቂ ይሁን። ሦስተኛ፣ የመለዋወጫ መጠየቂያ ጥራትንና ዋስትናን ይግለጽ፤ ከጥገና በኋላም አላይመንት መሠራቱ ሳይረጋገጥ ክፍያ አይፈጸም። አላይመንቱ የተዛባ መኪና ጎማውን ከአንድ ወገን እየበላ ይጨርሳል። አራተኛ፣ የጭነት ልኩ ጋቢናው ውስጥ ይለጠፍ፤ ከልኩ በላይ እንዲጭን ለታዘዘ ሹፌርም እምቢ የማለት መብት ይሰጠው።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ያን ዕለት ከሁለት ቀን በኋላ ማሳው ላይ ስንደርስ፣ የስንዴው ቅጠል በእጅ ሲዳስሱት ቢጫ ዱቄት ይተው ነበር። የማሳው ባለቤት አልተቆጡም። «ትናንትና ወዲያ ብትደርሱ ኖሮ ከታችኛው ማሳ አይሻገርም ነበር» ብለው መርጫውን ተቀበሉን። የተቀደደች አንዲት ላስቲክ ዋጋዋ ስንት እንደሆነ ለማወቅ የፈለገ ሰው መጠየቅ ያለበት የመለዋወጫ ነጋዴውን ብቻ አይደለም፤ እኒህን ገበሬም ጭምር ነው።