የአዋሽ ቀንድ አውጣ የክሮሞዞም ካርታ ይገባዋል

አባሎን የተባለው የባሕር ቀንድ አውጣ የጂን ካርታ ቀድሞ የተሠራለት በገበያ ዋጋው ብቻ አይደለም። ወንድና ሴቱ ለየብቻ ናቸው፤ ዘራቸውን የሚረጩትም ውኃ ውስጥ በመሆኑ ከአንድ ጥንድ ወላጆች እጅግ ብዙ ልጆች ይገኛሉ። በቻይና፣ በአውስትራሊያና በደቡብ አፍሪካ ጂኖቹን በየክሮሞዞሙ በቅደም ተከተል ማስቀመጥ የተቻለው እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን በማርባት ነው። በጃፓንና በቻይና የሚረባው ዝርያ 18 ጥንድ ክሮሞዞም አለው።

ሰመራ የተቀመጠ ተመራማሪ የባሕር ቀንድ አውጣ ቢሻ ዲቾቶን አልፎ እስከ ጅቡቲ ይወርዳል። በገዋኔ ረግረግ ግን ቡሊነስ አቢሲኒከስ አለ፤ እርሱም 18 ጥንድ ክሮሞዞም ያለው ነው። በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ የሽንት ፊኛ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ይኸው ቀንድ አውጣ ነው። በሽታው ከሽንት ጋር ደም ያስወጣል፤ ሳይታከም ከቆየም ፊኛንና ኩላሊትን ይጎዳል። ፕራዚኳንቴል ትሉን ይገድላል፤ የታከመው ልጅ ግን ተመልሶ የሚገባው እዚያው ውኃ ውስጥ ነው።

አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ የእንዶድን ቀንድ አውጣ ገዳይነት ካስተዋሉ ወዲህ፣ በአገራችን ስለ ቀንድ አውጣ በብዛት የተጠየቀው የት እንደሚገኝና በምን እንደሚጠፋ ነው። ክሮሞዞሙ የተቆጠረው በአብዛኛው በደጋው ዝርያዎች ምክንያት ነው። በኢትዮጵያ ደጋ 108 እና 144 ክሮሞዞም ያላቸው የቡሊነስ ዝርያዎች መገኘታቸው በእርግጥ ብርቅ ነው። ይሁንና ለካርታ ሥራ አይመቹም፤ አንድ ጂን በስድስትና በስምንት ቅጂ ሲገኝ የትኛው የየትኛው ክሮሞዞም እንደሆነ መለየት አድካሚ ነው። በሽታ በማስተላለፍም አይታወቁም። ስለዚህ ሥራው ከቆላው፣ ሁለት ቅጂ ብቻ ካለው መጀመር አለበት።

መነሻ የሚሆን ዕውቀት አለ። የደቡብ አሜሪካው ባዮምፋላሪያ ግላብራታ ሙሉ ዘረመል እ.ኤ.አ. በ2017፣ የቡሊነስ ትሩንካተስ ደግሞ በ2022 ታትሟል። በግላብራታ ላይ ትሉን ከመቋቋም ጋር የተያያዙ የጂን ሥፍራዎች ተለይተዋል። ከባዱ ነገር ማዳቀሉ ነው። እንደ አባሎን ሳይሆን እያንዳንዱ ቡሊነስ ወንድም ሴትም በመሆኑ ራሱን በራሱ ሊያዳቅል ይችላል፤ ልጆቹ በእርግጥ ከሁለት ወላጆች መወለዳቸው በዘረመል ምልክት ካልተረጋገጠ ካርታው ዋጋ የለውም። ክሮሞዞም ለመቁጠር ግን ኮልቺሲን፣ ከእንቁላል የወጣ ሽልና ደኅና ማይክሮስኮፕ ይበቃሉ።

ካርታ ሕመምተኛ አያድንም የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ለዛሬው ሕመምተኛ እውነት ነው። ነገር ግን የገዋኔው ቀንድ አውጣና የአሳይታው ትሉን እኩል ይቀበሉ እንደሆነ ሳይለዩ በሁሉም ረግረግ አንድ ዓይነት መርዝ መርጨት፣ ዓሣውንም አብሮ መፍጀት ነው። ለዚህ ጥያቄ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም፤ ከየረግረጉ ተለቅሞ፣ የመጣበት ሥፍራ ተጽፎለት፣ ሰመራ ላይ በገንዳ በሕይወት የሚረባ የቀንድ አውጣ ዘር ነው።