ወጥ ቤት ድረስ የማይሰማው ቴሌቪዥን



ነፋስ የጣሪያውን ዲሽ ሲያዛባው በቤታችሁ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። አንዱ ልጅ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ሌላው ከሳሎን ሆኖ «መጣ! ኧረ ሄደ!» ይላል። አቅጣጫው አንዴ ከተገኘ ግን ዲሹ ሳይነካ ይከርማል። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ምድር በራሷ ዛቢያ አንድ ጊዜ ስትዞር እሱም አንድ ጊዜ ስለሚዞራት፣ ከታች ላለነው አንድ ስፍራ የቆመ ያህል ነው።

እንዲህ ያለው ሳተላይት ለገጠር ቤተሰብ ትምህርት እንዲያደርስ በሰፊው የተሞከረው በህንድ አገር ነበር። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1974 ያመጠቁት ኤ.ቲ.ኤስ. 6 የተባለው ሳተላይት ለአንድ ዓመት በውሰት ተሰጠና በጎረቤታችን በኬንያ ሰማይ ላይ እንዲቆም ተደረገ። ከኦገስት 1975 እስከ ጁላይ 1976 ድረስ በስድስት ክፍለ አገሮች ለሚገኙ 2,400 ያህል መንደሮች በቀን አራት ሰዓት አስተላለፈ። በየመንደሩ አንድ የጋራ ቴሌቪዥን ተተከለ። ዲሹም የዶሮ ቤት ከሚታጠርበት ዓይነት የሽቦ መረብ የተሠራ፣ ሦስት ሜትር ስፋት ያለው ነበር። ጠዋት ለተማሪዎች፣ ማታ ለአዋቂዎች ስለ ጤና፣ ስለ እርሻና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ይነገር ነበር።

ማታ! የገጠር እናት ማታ የት እንደምትገኝ ለእናንተ መንገር አያሻኝም። ከተመልካቾቹ መካከል ሴቶቹ ከወንዶቹ ያነሱ ነበሩ። የሚያስገርመው ግን፣ በኋላ በተካሄደው ጥናት ስለ ጤናና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ካዩት ብዙ ቀሰሙ ከተባሉት መካከል ሴቶችና ማንበብ የማይችሉ ሰዎች መገኘታቸው ነው። ጊዜ አጥታ የቀረችው እናት ምን እንደቀረባት ከዚህ መገመት ይቻላል።

ዓመቱ ሲሞላ ሳተላይቱ ወደ መጣበት ተመለሰ። ህንድም የራሷን ለማቆም ደከመች፤ በ1982 የመጠቀው የመጀመሪያው ኢንሳት በጥቂት ወራት ተበላሸ፤ በ1983 የተከተለው ሠመረላት።

ዛሬ ቴሌቪዥኑ በየሳሎናችን ገብቷል። ባለፈው ሰሞን በእንግድነት በሄድሁበት አንድ ቤት ስለ ሕፃናት አመጋገብ የሚያስረዳ ዝግጅት ይተላለፍ ነበር። አባትና ሁለት ወንዶች ልጆች ከፊት ተቀምጠዋል። የሰባት ወር ልጅ ያዘለችው እናት ወጥ ቤት ሽንኩርት ታቁላላለች። ድምፁ በግማሽ ደርሷት ኖሮ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀች። ትልቁ ልጅ ዓይኑን ሳይነቅል «ምንም፤ ስለ ሕፃን ነው» አላት።

ያንን ሽንኩርት ለግማሽ ሰዓት የሚያማስል ሌላ እጅ በቤቱ ሞልቶ ነበር። በእናንተ ቤት ይህ ነገር እንዴት እንደሚፈታ ብትጽፉልን በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን።