የመጀመሪያው የኬሞ ቀን

የዚህ ወር ጽሑፋችን ስሙን ስንጠራው እንኳ ድምፃችንን ዝቅ ስለምናደርግለት ሕመም ነው። ሽማግሌዎቻችን «ነቀርሳ» ይሉታል፤ በአንዳንድ ቤት ደግሞ «ያ በሽታ» ተብሎ ይታለፋል። ስለ ካንሰር በጠቅላላው ልንጽፍ አይደለም። ሐኪሙ «ኬሞ ትጀምሪያለሽ» ያላት እናት፣ እህት ወይም ሚስት ያለችበት ቤት በመጀመሪያው ቀን ምን እንደሚገጥመው ልናወጋችሁ ነው። በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው የጡት ካንሰር በመሆኑ ምሳሌያችንን ከእርሱ እንወስዳለን።

በቅድሚያ ግን አንድ ነገር እንበል፤ ለታማሚዋ ይነገራት። ብዙ ቤተሰብ አዘንኩላት እያለ «ተራ እብጠት ነው፣ ሲታከም ይጠፋል» ብሎ ይዟት ይሄዳል። የምናውቃቸው አንዲት እናት የሕመማቸውን ስም የሰሙት ክፍሉ ውስጥ ከገቡ በኋላ፣ አጠገባቸው መርፌ ተሰክቶላት ከተቀመጠች ወጣት ነው። ልጆቻቸው በር ላይ ቆመዋል። እርሳቸውን ያስለቀሳቸው በሽታው አልነበረም፤ የገዛ ልጆቻቸው መደበቃቸው ነው። ታማሚን ማጽናናት ሱና ነው፤ መዋሸት ግን ከማጽናናት አይቆጠርም። ደግሞስ ለምን እንደምትወስደው ያላወቀችውን መድኃኒት ለሁለተኛ ጊዜ ልትወስድ እንዴት ብላ ትመለሳለች?

ወደ ቀኑ እንምጣ። ሐኪሙ ካልከለከለ በቀር በባዶ ሆድ መሄድ የለባትም፤ አጥሚት ወይም ዳቦ በሻይ ቀመስ አድርጋ ትውጣ። ከመድኃኒቱ በፊት ደም ይመረመራል፤ የደም ሴሎቹ ብዛት፣ ጉበትና ኩላሊት ይታያሉ። ውጤቱ ጥሩ ካልሆነ ቀጠሮው ወደ ሌላ ቀን ሊዛወር ስለሚችል «መለሱን» ብላችሁ አትደንግጡ። ቁመትና ክብደትም ይለካል፤ የመድኃኒቱ መጠን የሚሰላው በእነርሱ ነውና። ከዚያ ነርሷ ክንዷ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ታስገባለች። ጡቷ በቀዶ ሕክምና የወጣ ከሆነ በዚያ ወገን ያለው ክንድ እንዳይነካ ታስታውስ። መጀመሪያ የሚሰጠው ማስመለስን የሚከላከለው መድኃኒት ሲሆን ኬሞው ከእርሱ በኋላ ይከተላል።

ለጡት ካንሰር በብዛት ከሚሰጡት አንዱ የሆነው ዶክሶሩቢሲን ቀለሙ ቀይ ነው። ያላወቀ ሰው ደም የሚሰጧት ይመስለዋል። በዚያ ቀንና በማግስቱ ሽንቷ ቢቀላም ከመድኃኒቱ ቀለም ነው። ሲገባ ብዙ ስሜት የለውም። ነገር ግን መርፌው ያለበት ቦታ ካቃጠላት ወይም ካበጠ በዚያችው ቅጽበት ነርሷን ትጥራ። መድኃኒቱ ከደም ሥር ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ከፈሰሰ ከባድ ቁስል ያመጣል። «ሶብር አደርጋለሁ» ብሎ ዝም ማለት እዚህ ቦታ የለውም!

ብዙ ጊዜ አብሮት የሚሰጠው ሳይክሎፎስፋማይድ ነገዱ የሚያስገርም ነው። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. በአባቶቻችን ላይ ከአውሮፕላን ያዘነበችው የሰናፍጭ ጋዝ በኬሚካል ዘመዱ ነው። ከዚያ መርዝ ቤተሰብ የሆነ ኬሚካል ለካንሰር ታማሚ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1942 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ነበር። ሱብሓነላህ!

ወረፋውን ጨምሮ ቀኑ ሊያልቅ ስለሚችል የሶላት ነገር ይነሳል። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ ተኝቶ እንዲሰግድ መፈቀዱ የታወቀ ነው። ፕላስተር ያለበት እጅ ውኃ እንዳይነካው ከተባለ ደህናውን አካል አጥቦ በፕላስተሩ ላይ ማበስ ይቻላል፤ በሻፊዒይ መዝሀብ ተየሙም ይጨመርበታል። ማስመለስም በሻፊዒዮች ዘንድ ውዱእን አያፈርስም፤ ሐነፊዮች ግን አፍ ሙሉ ከሆነ ያፈርሳል ይላሉ። ረመዷን ከገጠማት በሱረቱል በቀራህ 185ኛው አያህ ለታማሚ የተሰጠው ፈቃድ ለእርሷም ነው። ስለ ቀዳና ፊድያ የአካባቢዋን ዓሊም ትጠይቅ።

ማቅለሽለሹ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ቤት ከገባች በኋላ፣ ማታና በሚቀጥሉት ጥቂት ቀናት ነው። የታዘዘላትን ኪኒን ማስመለስ ሳይጀምራት በሰዓቱ ትዋጥ። ሽንኩርት የሚቁላላበት ሽታ ስለሚያስመልሳት ወጡ ከጓሮ ወይም ከጎረቤት ይሠራ። ጥቂት ጥቂት እየበላች ውኃ ታብዛ። ለሁለት ቀን ያህል መድኃኒቱ በሽንትና በትውከት ስለሚወጣ የሚያጸዳው ሰው ጓንት ያድርግ፤ እርጉዝ ሴት አትንካው። እርግዝናም በሕክምናው ወራት አይታሰብም፤ ባልና ሚስት መከላከያውን ከሐኪም ጋር ይነጋገሩበት።

ፀጉሯ መርገፍ የሚጀምረው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። «ሒጃብ ለባሽ ናት፣ ማን ያይባታል?» የሚሉ አሉ። የሚያዩትማ ባሏና ልጆቿ ናቸው! ለሕፃናቱ ቀድሞ ይነገራቸው። ባልም በዚያ ሰሞን ዓይኑን አይሽሽ። ሕክምናው ሲያበቃ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል።

አሁን ደግሞ ቅር የሚላችሁን እንናገር። ከመጀመሪያው ሳምንት ማብቂያ እስከ ሁለተኛው ሳምንት ነጭ የደም ሴሎቿ የሚያንሱበት ጊዜ ነው። ያኔ ትንሽ ጉንፋን እንኳ ሊጥላት ይችላል። ታማሚን መጠየቅ ትልቅ አጅር ያለው ሥራ ቢሆንም በእነዚያ ቀናት ሃያ ሰው እየሳመ የሚገባበት ቤት ለእርሷ አደጋ ነው። ያሳለው፣ ያተኮሰው በስልክ ይጠይቅ፤ የመጣውም እጁን ታጥቦ፣ ሳይስም፣ ጥቂት ተቀምጦ ይነሳ። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት አይቅረብላት። አንድ የሙቀት መለኪያ ግዙ፤ ስጦታ ከጠፋባችሁ ከብርቱካን ይህ ይሻላል። 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። «ይነጋልን» እያሉ መጠበቅ፣ በእርጥብ ጨርቅ ማሸትና ፓናዶል መስጠት ሰው አስቀብሯል።

ብዙዎች የሚጠፉት ከዚህ የመጀመሪያ ዙር በኋላ ነው። መድኃኒቱ ጎዳት፣ ሩቂያ ይሻላታል ተብሎ ቀጠሮው ይተዋል። ሩቂያውንም፣ ዘምዘሙንም ማን ከለከለ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለው አዘዋል፤ ዱዓና ሕክምና ተጣልተው አያውቁም። ጥቁር አዝሙድና ሌላ የሚጠጣ ቅጠል ግን ከኬሞው ጋር ሊጋጭ ስለሚችል ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ይነገር።

ሁለተኛው ዙር አብዛኛውን ጊዜ በ21ኛው ቀን ነው። ከገጠር የሚመጡ ከሆነ ከተማ ውስጥ የሚያርፉበት ቤት፣ የትራንስፖርቱ ገንዘብና አብሮ የሚሄደው ሰው ከመጀመሪያው ዙር ሳይመለሱ ይወሰን። ማስመለሱ ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ትኩሳት መቼ እንደነበረ በደብተር ጻፉት፤ ሐኪሙ ይህን ሲሰማ የማስመለሻውን መከላከያ ይለውጥላታል ወይም ይጨምርላታል።