የመሬቱን ሽቦ አትቁረጡ!

ታላቅ ወንድሜ ጊታር ይጫወታል። ቤት ውስጥ አምፕሊፋየሩ «እምምም» እያለ ሲያስቸግረው አንድ ጓደኛው ስፒናውን ፈቶ የመሬቱን ሽቦ ቆረጠለት። ጩኸቱ ጠፋ፤ እኛም «ጎበዝ!» አልን። በሳምንቱ ግን ወንድሜ የጊታሩን ክር እንደያዘ ከንፈሩ ማይኩን ሲነካ ኤሌክትሪክ ያዘው። እግዜር ነው ያተረፈው።

እንደኔ እንደኔ፣ ጩኸት ጠፋ ማለት ችግር ተፈታ ማለት አይደለም። የጊታሩ ክር ከአምፑ ብረት ጋር የተያያዘ ነው፤ ውስጥ የሾለከ 220 ቮልት በመሬቱ ሽቦ መውረጃ ካጣ በሰው በኩል ይወርዳል። መጀመሪያ አምፑንና ሚክሰሩን የመሬት መስመር ካለው አንድ ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። እምቢ ካለ ባለሙያ ጥሩ። ፊውዝ ሲቃጠልም በዚያው መጠን ይተካ እንጂ ሽቦ አይጠቅለልበት። ከሰው ሕይወት ጆሯችን ትንሽ ቢረበሽ ይሻለናል።