ልጅቷ ጋዜጠኝነት ልማር አለች

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቡና ይዘን ሳለ፣ እዚሁ ባልድዊን ሂልስ የጎረቤቴ ልጅ ኮሌጅ ስትገባ ጋዜጠኝነት መማር እንደምትፈልግ ተናገረች። እናቷ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «እኔ ሌሊት እየሠራሁ ያሳደግሁሽ ነርስ እንድትሆኚ ነው። ጋዜጣ እንጀራ ይሆናል? በዓሉ ግርማስ ምን ሆነ?» ወደ እኔ ዞረውም «ወንድሜ፣ አንተ ንገራት እንጂ» አሉኝ።

የእናትየው ፍርሃት ሁለት ነው፤ ሁለቱም እውነት ነው። ሎስ አንጀለስ ታይምስ በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ቢያንስ 115 የዜና ክፍል ሠራተኞቹን አሰናብቷል። ብዙዎቻችን በአማርኛ ዝግጅቱ አገር ቤትን ስንሰማበት የኖርነው የአሜሪካ ድምፅም በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ከ1,300 በላይ ሠራተኞቹ ከሥራ ገበታቸው እንዲርቁ ተደርጓል። ሁለተኛው ፍርሃት ደግሞ ከአገር ይዘነው የመጣነው ነው። ደራሲና ጋዜጠኛው በዓሉ «ኦሮማይ» የተባለውን ልቦለዱን ባሳተመ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በዚያ ዘመን ያደገ ወላጅ ልጁ ብዕር ስታነሳ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

እኔ ግን ትማር አልኩ። ምክንያቴ ሁላችንም አመሻሽ ላይ የምንንሸራሸርበት የኬኔት ሃን መናፈሻ ነው። ያ ሣር የለበሰው ጎድጓዳ ሜዳ በአንድ ወቅት የውኃ ማጠራቀሚያ ነበር። ታኅሣሥ 14 ቀን 1963 እ.ኤ.አ. ጠዋት ጠባቂው ግድቡ ውኃ እያፈሰሰ መሆኑን ተረዳ፤ ፖሊሶች ነዋሪውን ከቤቱ እያስወጡ ሳለ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ ግድቡ ተናደ። አምስት ሰው ሞተ፣ 277 ቤት ጠፋ። የኬቲኤልኤ ቴሌቪዥን ሄሊኮፕተር ውኃው ቤቶቹን ሲጠርግ በቀጥታ አሳየ፤ ከሰማይ ላይ የቀጥታ ዜና በማስተላለፍ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ካሜራው ያየውን አሳየ፤ «ለምን?» የሚለው ግን ዓመታት ወሰደ። በ1971 እ.ኤ.አ. የጂኦሎጂ ባለሙያዎች የመሬቱን መሰንጠቅ በአቅራቢያው ነዳጅ ለማውጣት ወደ ጉድጓዶች በግፊት ከሚከተት ውኃ ጋር አያያዙት። ይህን ጥናት አንብቦ፣ ተረድቶ፣ ጎረቤቱ በሚገባው ቋንቋ የሚነግረው ሰው ነው የሚያስፈልገን። የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ይኸንኑ ነው፦ መዝገብ ማገላበጥ፣ ሁለተኛ ምንጭ መፈለግ፣ የተጠየቀው ሰው ያልመለሰውን መልሶ መጠየቅ።

ስለዚህ ለልጅቷ ያልኳት ይህን ነው። ጋዜጠኝነትን ብቻውን አትማሪ። በዓሉ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተማረው ጋዜጠኝነትን ከፖለቲካ ሳይንስ ጋር ነው። አንቺ ሕግ ወይም የጤና አስተዳደር ብትጨምሪበት፣ የጋዜጣ ሥራ ባይገኝ እንኳ የሆስፒታል የመረጃ ክፍል፣ የማኅበረሰብ ድርጅት፣ የሕግ ትምህርት ቤት በር ይከፍትልሻል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተማሪዎች ጋዜጣ ያለበት ቦታ ግቢ። ሳንታ ሞኒካ ኮሌጅ «ኮርሴር» አለው፤ የካሊፎርኒያ ነዋሪ በአንድ ዩኒት 46 ዶላር ይከፍላል፤ ሁለት ዓመት እዚያ ከጻፍሽ በኋላ ወደ ኖርዝሪጅ ዩኒቨርሲቲ ብትዛወሪ «ሰንዳያል» የሚባል ጋዜጣ ይጠብቅሻል። የክፍል ውጤትሽን የሚጠይቅሽ አርታዒ ጥቂት ነው፤ የጻፍሽውን ግን ሁሉም ያነባል።

አማርኛሽንም አትጣይው። ፌርፋክስ በ2002 እ.ኤ.አ. «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ ከተሰየመ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ የከተማው ምክር ቤት ስለ ኪራይና ስለ መኪና ማቆሚያ ሲወስን እዚያ ተቀምጣ ለእናቶቻችን በቋንቋቸው የምትነግር አንዲት ወጣት ብትኖር ምንኛ ባኮራችን!

እናትየው ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩ። «ታዲያ እንጀራው?» አሉ በመጨረሻ። «ሁለት ዓመት ይስጧት» አልኳቸው፤ «ካልሆነ የነርሲንግ ቅድመ ሁኔታ ትምህርቱም እዚያው ኮሌጅ አለ።»

ልጅቷ ግን ሌላ ጉዳይ ላይ ነበረች። «ጋሼ፣ እነዚያ አምስቱ የሞቱት ሰዎች ስማቸው የት ይገኛል?» አለችኝ። የከተማው ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ጋዜጦች አሉት፤ ቅዳሜ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። እናቷም መኪናውን እኔ ነኝ የምነዳው ብለዋል።