ሃምሳን ካለፉ በኋላ መውደቅ



በደርባን ከተማ ያሉ የአገራችን ልጆች ሕብረት ጋብዞኝ ለጥቂት ወራት ደቡብ አፍሪካ ኖሬ ነበር። ብዙዎቹ ከሐዲያና ከከምባታ የሄዱ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሱቅ ውስጥ የሚውሉ ወጣቶች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ በእረፍት ቀኑ ሰርፊንግ ይጫወታል፤ በሰሌዳ ላይ ቆሞ በባሕር ሞገድ መንሸራተት ማለት ነው። አንድ ቀን "ፓስተር፣ ይምጡና ይሞክሩት" አለኝ። እኔ ውሃ ሲባል የማውቀው በክረምት የሚሞላ ወንዝ ነው። ወንዝ ሲሞላ ደግሞ ዳር ቆሞ እስኪጎድል መጠበቅ እንጂ መግባት አልለመድንም። ቢሆንም እሺ አልኩት።

ትምህርቱ የተጀመረው አሸዋ ላይ ነው። ሰሌዳው ላይ በሆዴ አስተኝቶኝ፣ በሁለት እጄ ገፍቼ አንዴ ብድግ እንድል አለማመደኝ። ጎናችን ትንንሽ ልጆችም ይህንኑ ይማሩ ነበር። ቀጥሎ አወዳደቅ አስተማረኝ። "በራስዎ አይዝለቁ፣ ውሃው ጥልቅ ላይሆን ይችላል። ሲወጡም ራስዎን በክንድዎ ይሸፍኑ፣ ሰሌዳው ተመልሶ እንዳይመታዎት" አለኝ። ከዚያ ሰሌዳውን በገመድ ከቁርጭምጭሚቴ ጋር አሰረና ውሃው ወገቤ እስኪደርስ ይዞኝ ገባ፤ ሞገዱ ተሰብሮ ነጭ አረፋ የሚሆንበት ቦታ ነው፣ ጀማሪ የሚማረው እዚያ ነው።

አሥራ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ከዚያ በኋላ መቁጠሬን ተውኩ። ጨው ውሃ በአፍንጫዬ ገብቶ እያሳለኝ ስወጣ በመጀመሪያ የማደርገው ወደ ዳር ማየት ነበር፤ ማን አየኝ? ማን ሳቀ? ልጁ ግን አልሳቀም። "ፓስተር፣ እግርዎን ነው የሚያዩት፤ ለዚህ ነው የሚወድቁት። የሚሄዱበትን ይዩ" አለኝ። እንዳለኝ አደረግሁ፤ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ያህል ቆምኩ። ከዚያ እንደገና ወደቅሁ።

በዚያ ምሽት እንቅልፍ የነሣኝ ድካሙ አይደለም። በልጅ እግር ሥር ቁጭ ብዬ ከተማርኩ ስንት ዘመን እንደሆነኝ አሰብኩ። ሸዋ ቤንች ያለ አንድ ወጣት ትዝ አለኝ። ከዓመታት በፊት አንድ እሁድ ከስብከት በኋላ ቀርቦ፣ "ፓስተር፣ እናቶቻችን አማርኛው ብዙም አይገባቸውም። ቤንችኛ ቢማሩ እኔ አስተምርዎታለሁ" ብሎኝ ነበር። "አስተርጓሚ አለ አይደል?" ብዬ ፊቴን አዞርኩበት። ሁለተኛ አልጠየቀኝም። በሥነ መለኮት ኮሌጅ ግሪክኛ አጥንቻለሁ፤ የምእመኖቼን የእናት ቋንቋ ግን አልተማርኩም። ጊዜ አጥቼ ነው እል ነበር። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። ቤንችኛ ቃና ያለው ቋንቋ ነው፤ አጥኚዎቹ አምስት የድምፅ ደረጃዎችና አንድ ወደ ላይ የሚወጣ ቃና ይቆጥሩለታል። የድምፁ ከፍታ ሲለወጥ ትርጉሙም ይለወጣል። መድረክ ላይ የሚከበር ሰው በሰላምታ ተሳስቶ መሳቂያ ሊሆን? አልደፈርኩም።

ሰርፊንግ የሃዋይና የሌሎች የፖሊኔዥያ ሕዝቦች ጥንታዊ ጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1820 ሃዋይ ከደረሱት አሜሪካውያን ሚስዮናውያን ብዙዎቹ በበጎ ዓይን አላዩትም፤ ሥራ ፈትነትና ራቁትነት አድርገው ቆጠሩት። የሕዝቡን ቋንቋ ግን እንደ ተማሪ ተቀምጠው ተማሩ፤ ከአገሬው ሊቃውንት ጋር ሠርተውም በ1839 ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በሃዋይኛ አወጡ። ዘመን የተሻገረው ሥራቸው ከሕዝቡ የተማሩበት ሥራ ነው።

"ሽማግሌ ከልጅ ከተማረ ክብር ይጠፋል" የሚሉ ወንድሞች አሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ ታላቅን የማያከብር ቤት አይጸናም። ነገር ግን ያ ወጣት ባሕር ውስጥ እያዘዘኝ እንኳ አንድ ጊዜ "አንተ" አላለኝም። ደግሞም አጵሎስን ተመልከቱ (የሐዋርያት ሥራ 18፥24-28)። አንደበተ ርቱዕና መጻሕፍትን ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ሳለ፣ ድንኳን ሰፊዎቹ ጵርስቅላና አቂላ ወደ ቤታቸው ወስደው የጐደለውን ሲያስተምሩት ተቀበለ። ከዚያ በኋላ አገልግሎቱ ከፊተኛው ይልቅ ለብዙዎች ጠቀመ። ክብሩ አልተነካም።

ስመለስ ያንን ወጣት ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እንዲያስተምረኝም ለመንኩት። በመጀመሪያው እሁድ ለእናቶች በቤንችኛ ሰላምታ ሳቀርብ ቃናውን አዛባሁት። ምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ከእነርሱ አንዲት እናት ግን ጸሎቱ ሲያልቅ ሁልጊዜ ቀድመው የሚወጡ ናቸው፤ በዚያ ቀን ቀርበው እጄን ያዙና ቃሉን ቀስ ብለው ሦስት ጊዜ ደገሙልኝ። ስንት ዓመት ስሰብክላቸው ኖሬ፣ የተነጋገርነው በዚያ ቀን ነው። ዛሬም ገና አረፋው ውስጥ ነኝ፤ ቋንቋውን ቻልኩ አልልም።

አገልጋይ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ "አላውቅም፣ አስተምረኝ" ያላችሁት መቼ ነው? ጴጥሮስ ሰመጠ ብለን ብዙ ሰብከናል፤ አሥራ አንዱ ያልሰመጡት ግን ከታንኳው ስላልወጡ ነው። የሰመጠውን ደግሞ ጌታ ወዲያው በእጁ ያዘው።

ጌታ ሆይ፣ ስማችንን ከምንጠብቅ ሕዝብህን እንድንሰማ ልብ ስጠን። በልጆቻችን ፊት መውደቅ እንዳያሳፍረን እርዳን። አሜን።