ብርዙን ቀምሶ ጠጁን መንቀፍ

ብርዙን ቀምሶ «ይህ ጠጅ አይረባም» የሚል እንግዳ ቢገኝ እናቶቻችን ስቀው ያልፉታል። እንዲህ ያለው እንግዳ ወንበር ይዞ በማኅተም ማዘዝ ሲጀምር ግን ሣቁ ይቀራል። እኛም ይህን የምንለው ያለ ማስረጃ አይደለም፤ ማስረጃችን ግሬንጅ የሚባለው የአውስትራልያ ቀይ የወይን ጠጅ ነው። ዛሬ አንዱ ጠርሙስ በሺህ የአውስትራልያ ዶላር ገደማ ይሸጣል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጠማቂው ማክስ ሹበርት የባሮሳ አገር ልጅ ነው። በ1931 በፔንፎልድስ ኩባንያ በተላላኪነት ተቀጥሮ፥ በ1948 የጠማቂዎች አለቃ ሆነ። ወደ አውሮፓ ተልኮ በቦርዶ ለብዙ ዓመት የሚቆይ ቀይ የወይን ጠጅ አየና፥ በ1951 በአዴሌድ አጠገብ በማጊል ሺራዝ ከሚባለው ወይን፥ በአዲስ የአሜሪካ ባሉጥ በርሜል የመጀመሪያውን ሙከራ ጠመቀ። የዚያ ዘመን አውስትራልያ ግን ጣፋጩንና አልኮል የተጨመረበትን ስለ ለመደ፥ ቀማሾች ዘበቱበት፤ የተጨፈለቀ ጉንዳን ይጣፍጣል ያለም ነበረ። በ1957 በሲድኒ የተቀመጡት ዲሬክተሮች ጠመቃው ይቁም ብለው አዘዙ።

ሹበርት ግን አላቆመም። አዲስ በርሜል የሚገዛበት ገንዘብ ሳይኖረው የ1957ን፥ የ1958ንና የ1959ን በስውር ጠመቀ። የፊተኞቹ ጠርሙሶች በስለው እንደ ገና ሲቀመሱ ፍርዱ ተገለበጠ፤ በ1960 ሥራው እንዲቀጥል እነዚያው ዲሬክተሮች አዘዙ። የ1955ቱም በ1962 በሲድኒ ውድድር የወርቅ ሜዳልያ አገኘ።

«የገንዘቡ ባለቤት የማዘዝ መብት የለውምን?» የሚሉን ይኖራሉ። መብት አለው፤ ነገር ግን መብት ዕውቀት አይደለም። በ1957 እስኪደርስ እንጠብቅ የሚል አንድ ድምፅ ቢሰማ ኖሮ፥ ሦስቱ ዓመቶች ያለ አዲስ በርሜል ባልቀሩ ነበር። ዛሬ ደግሞ ያ እምቢታ የኩባንያው ጌጥ ሆኖ ይተረካል። የተከለከለው ሰው ድፍረት፥ የከልካዩ ቤት ማስታወቂያ ሆነ ማለት ነው!

ሹበርት ዕድለኛ ነበረ፤ በርሜል በምድር ቤት ይደበቃል። በሜዳ የቆመ የወይን ተክል ግን ወዴት ይደበቃል? በ1980ዎቹ አጋማሽ ወይን ከገበያው በላይ በመትረፉ፥ መንግሥት ተክሉን ለሚነቅል የደቡብ አውስትራልያ ገበሬ ገንዘብ ከፈለ። የአውሮፓን ወይን የፈጀው ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ ደቡብ አውስትራልያን ስላልነካ፥ በባሮሳ እጅግ ያረጁ የሺራዝ ተክሎች ቆመው ነበር፤ ብዙዎቹ በዚያን ጊዜ ተነቀሉ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የዓለም ገበያ የአሮጌ ተክል ወይን ይፈልግ ጀመር። የመቶ ዓመት ተክል በአንድ ክረምት ይነቀላል፤ በአንድ ክረምት ግን አይተከልም።

ስለዚህ፥ ወንድሞችና እኅቶች፥ የሹበርትን ታሪክ እንደ ጀግና ተረት ሰምተን አጨብጭበን አንለፍ። ሠሪ ሥራውን ለማዳን መደበቅ የሚገባው ከሆነ፥ ጥፋቱ የሠሪው አይደለም። እኛ የምንለው አጭር ነው፦ ያልደረሰን ነገር የሚፈርድ ሁሉ አስቀድሞ የጠነሰሰውን ይጠይቅ። ሳይጠይቅ የፈረደም፥ ጠጁ በደረሰ ጊዜ ብርሌውን ለመቀበል የመጀመሪያው አይሁን።